መቶ ሃምሳ አንደኛው ሰው

ቆጣሪዋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሰው ስትቆጥር ነው የዋለችው። ማንም አላዘዛትም፤ የእሷ ሥራ የሚጀምረው ደወል ሲደወል ነው። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? የምክር ቤቱ አዳራሽ ገና ሳይከፈት በር ላይ ቆማ፣ የሚገቡትን አባላት በጣቷ ስትደምር፣ የሚወጡትን ስትቀንስ፣ የሻንጣ ጎማ መሬት ላይ ሲንኳኳ በሰማች ቁጥር ዞር ብላ ስታይ አረፈደች።

ሻንጣውስ ምን ያድርግ! ከነገ ጀምሮ ምክር ቤቱ ለሁለት ወር ይዘጋል። የተከበረ አባል ደግሞ ዕረፍት ሲሸተው ከተማሪ አይሻልም፤ ልቡ ቀድሞት ይሄዳል። የመጀመሪያው አጀንዳ ተነቦ ሳያልቅ "ለአንድ አፍታ ነው" እያለ ሹልክ የሚለው በዛ። ለአንድ አፍታ የሚወጣ ሰው ሻንጣ ይጎትታል እንዴ?

ሌላ ቀን ቢሆን ደንታም አይሰጣት፣ ጥርግ ይበሉ። የዛሬው ግን የእህቷ ጉዳይ ነው። ታናሽ እህቷ፣ እጇ ላይ ያደገችው፣ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደች ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሕጉ ኩላሊት መስጠት የሚችለው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው ይላል። የሥጋ ዘመድ የተባለችው ደግሞ ቆጣሪዋ ብቻ ናት፤ እሷን ሐኪሞቹ "አንቺ ራስሽ ስኳር አለብሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ብለው መልሰዋታል። የሚያበሳጨው ሰጪ አለመጥፋቱ ነው። የእህቷ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ "አንዱን ውሰጂው፣ ሁለት ምን ይሠራልኛል?" ብላ ሄዳ ተመረመረች፤ ልክክ ብሎ ተገኘ። የቀረው ሕጉ ነው። የሕጉ ማሻሻያ ደግሞ ከዛሬ አጀንዳዎች ሰባተኛውና የመጨረሻው ነው። ዛሬ ካለፈ አለፈ፤ ካላለፈ ሁለት ወር መጠበቅ ነው። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ቆጣሪዋን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "የደም ሥሮቿ እምቢ እያሉን ነው፤ ሁለት ወር ብዙ ነው" ብሏታል። ይህን ለእህቷ አልነገረቻትም። እንዴት ብላ ትንገራት?

የምክር ቤቱ ወንበር ሦስት መቶ ነው። ሕግ ለማጽደቅ ከግማሽ በላይ፣ ማለትም መቶ ሃምሳ አንድ አባል አዳራሹ ውስጥ መገኘት አለበት፤ ምልዓተ ጉባኤ የሚሉት ይኸንን ነው። መቶ ሃምሳ ከሆነ የለም፣ ሁሉም ወደየቤቱ። የድምፅ መስጫ ቁልፎቹ ተበላሽተው ስድስት ዓመት "በጥገና ላይ" ስለሆኑ፣ አዳራሹ ለአራት ተከፍሎ አራት ቆጣሪዎች ሰውንም እጅንም በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ከኋላ በስተቀኝ ያለው ክፍል የእሷ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ቆማ ስለምትቆጥር ከፊት ይልቅ ጀርባ ነው የምታየው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጀርባ ቆጥራ አንድም ቀን "ይደገም" ተብሎባት አያውቅም። በዚህ ትኮራለች፤ ቢያስቅም ትኮራለች።

አጀንዳዎቹ ደግሞ የዛሬን ያህል ተንቀርፍፈው አያውቁም። ሁለተኛው ላይ አንድ አባል ስለ መጋዘን ፈቃድ አርባ ደቂቃ ተናገረ፤ "በመጨረሻም" ያለው ብቻ አራት ጊዜ ነው። አራተኛው ላይ እሷ ክፍል ውስጥ አንድ ማይክራፎን ሲጥ ማለት ጀመረና ስብሰባው ተቋረጠ። ቆጣሪዋ ቁና ቁና ተነፈሰች። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እግሯ ትቆማለች፤ ሰዓቷን ታያለች፤ አይታ ሳትጨርስ ደግሞ ታያለች።

"ምን ሆነሻል? ጉንዳን ገባብሽ?" አላት አለቃዋ። አለቃዋ የቆጣሪዎቹ ኃላፊ ነው፤ አራቱን ቁጥር የሚደምረው እሱ ስለሆነ "ሚዛን" ይሉታል።

"ምንም አልሆንኩ።"

"እህትሽን አውቃለሁ። ግን ተጠንቀቂ፤ ሠራተኛ አባልን ውጣም ቆይም ማለት አይችልም።"

"መች አልኩ?"

አላለችም፤ ግን በምሳ ሰዓት ካፍቴሪያ ገብታ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረች፣ ማንንም ሳታይ፣ ለግድግዳው እንደምትናገር ሁሉ "ደወሉ እኮ ሊደወል ነው" ስትል የሰማት ሰው አለ። ሊደወል ገና ሃያ አምስት ደቂቃ ነበረው። ሁለት አባላት ምግባቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። አንዷ አሮጊት አባል ግን ቀና ብለው አይተዋት፣ "ልጄ፣ አንቺ ሰዓትሽ ይቸኩላል" አሏትና ማንኪያቸውን መልሰው አነሡ።

ከምሳ መልስ አምስተኛውም ስድስተኛውም ተራ በተራ አለፉ። ሰባተኛው ተራ ሲደርስ አዳራሹን ብታዩት አንጀት ይበላል፤ ባዶ ወንበር በባዶ ወንበር ሆኗል። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አውልቀው ከዳር እዳር ቃኙና "ቆጣሪዎች፣ ምልዓተ ጉባኤው ይረጋገጥ" አሉ።

ቆጠረች። ጀርባ፣ ጀርባ፣ ራሰ በራ፣ ጀርባ፣ ዴስክ ላይ የተደፋ ጀርባ። ሠላሳ ስምንት። ጣቷን ስላላመነችው ደግማ ቆጠረች፤ ሠላሳ ስምንት። ከሌሎቹ አርባ አንድ፣ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ሰባት መጣ። ሚዛን ወረቀቱ ላይ ደመረና ቅንድቡን ወደ ላይ ሰቀለ።

"መቶ ሃምሳ አንድ!"

ፊቷ ያለውን የወንበር ጀርባ ጨብጣ ያዘች። በአንድ ሰው! በአንዲት ነፍስ! ያንን አንዱን ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ስማ አትጠግበውም ነበር።

ክርክሩ ተከፈተ። የተቃወሙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጠበቃው። ወደ ምክር ቤት ከመምጣታቸው በፊት ሠላሳ ዓመት ጥብቅና የቆሙ ሽማግሌ ናቸው። "በፍቅር የሚሰጥ የለም አላልኩም" አሉ ዴስካቸውን ተደግፈው። "ግን ዛሬ ለፍቅር የከፈትነው በር ነገ ደላላ ይገባበታል። የደሃ ልጅ ኩላሊት ገበያ ሲወጣ፣ እኔ አልነበርኩበትም እንድትሉ አልፈልግም።" ቆጣሪዋ በሆዷ ረገመቻቸው። የተናገሩት እውነት መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ከዚያ እጅ ወጣ። የደገፉ፣ ከእሷ ክፍል ሠላሳ ሰባት፤ በጠቅላላው መቶ አርባ ዘጠኝ። የተቃወሙ፣ አንድ፤ ጠበቃው። ድምፅ ያቀቡ ሲባል እጅ ያነሣ ሰው የለም።

ሚዛን ደመረና ወደ እሷ ተጠጋ። "መቶ ሃምሳ ነው የሚመጣው። አንድ ሰው ጎደለ፤ ካንቺ ክፍል ነው።"

ቆጣሪዎች ለዚህ ልማድ አላቸው። አንዱ ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል፣ አንዱን እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል፤ ለዚህ ተብሎ መቶ ሰው እጁን አውርዶ አያወጣም። የጎደለውን ድምፀ ተአቅቦ ላይ ጽፎ ማለፍ ነው። ደንብ ውስጥ የለም፤ ግን ከእነሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል።

"ተአቅቦ በለው" አለች፣ ከንፈሯን ሳታላቅቅ።

"በአንድ ተቃውሞ፣ በአንድ ድምፀ ተአቅቦና በመቶ አርባ ዘጠኝ የድጋፍ ድምፅ ማሻሻያው ጸድቋል!" አሉ አፈ ጉባኤው። ጭብጨባ ሆነ። ወዲያው አዳራሹ በእግር ኮቴና በሻንጣ ጎማ ተናጠ። ቆጣሪዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንባዋን ጠረገች።

ዞር ስትል ከእሷ ክፍል አንድ ሰው አልተነሣም ነበር። ዴስኩ ላይ ተደፍቷል። ተኝቶ ነው ያመለጠኝ፣ ላመስግነው ይሆን ልቀስቅሰው ብላ ጠጋ አለች። ሰውየው ቀና ሲል በጥርሱ ካቻቢቴ ነክሷል።

የማይክራፎን ጠጋኙ ነው።

ክው አለች። ስብሰባው በቀጥታ በሚተላለፍበት ቀን ኮትና ከረባት ያላደረገ ሰው ወደ አዳራሹ አይገባም፤ ሽቦ የሚቀጥል ሠራተኛም ቢሆን ልብስ ማስቀመጫው ጋ ከተንጠለጠሉት ኮቶች አንዱን ተውሶ ነው የሚገባው። የዛሬው እጅጌው እስከ ጣቱ ይደርስበታል።

"አንተ! ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጥከው?"

"ከምሳ መልስ ነዋ፣ እትዬ። ይሄ ሽቦ እሺ አልል ብሎ ፈጀኝ እኮ። ስትቆጥሩ ልወጣ ብል ካሜራ አለ፣ አትንቀሳቀስ አሉኝ፤ ቁጭ አልኩ።" የኮቱን ደረት ሳብ ሳብ አደረገ። "አያምርብኝም?"

"ያምርብሃል" አለችው። ሌላ ምን ትበለው? ሰው መሳይ በሸንጎ ሲባል የሰማችው ሁልጊዜ ለስድብ ነበር፤ ዛሬ ራሷ ቆጠረችው።

ስለዚህ መቶ ሃምሳ ነበሩ። ሕጉ አልጸደቀም። ይህንን በምድር ላይ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። አፈ ጉባኤው ገና ከመድረኩ አልወረዱም፤ አሥር እርምጃ ሄዳ ሁለት ቃል ብትናገር ያበቃል። አባላቱ ግማሾቹ መኪናቸው ውስጥ ገብተዋል፣ ማን ይመልሳቸዋል? ሁለት ወር። እግሯ ወደ መድረኩ ሊራመድ ይልና ሐኪሙ ትዝ ይላታል፤ ሐኪሙን ትተወውና ደግሞ አሥራ ዘጠኙ ዓመት ይመጣባታል።

ሚዛን የቆጠራውን ወረቀት ይዞ መጣ። ሦስቱ ቆጣሪዎች ፈርመዋል። "ፈርሚና ልሂድ፣ ሰርቪሱ ሊያመልጠኝ ነው" አላት።

"መጣሁ፣ ጠብቀኝ፣ መጣሁ" ብላ ወረቀቱን ነጥቃው ወደ በሩ ሄደች። በሩ ጋ ጠበቃው ቆመዋል፤ ካፖርታቸውን እየለበሱ። ፊቷን ለመደበቅ ዘወር ልትል ስትል ጠሯት።

"ልጄ፣ ነይማ። የኋላው ክፍል ያንቺ ነው አይደል?"

"አዎ፣ ጌታዬ።"

"በአንድ ሰው ስትሞላ ጊዜ ይደገም ልል እጄን ላወጣ ነበር። ማን ቆጠረው ብዬ ዞር ስል አንቺ ቆመሻል። ተውኩት።" እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። "ብወጣ ኖሮም ምልዓተ ጉባኤው ይፈርስ ነበር፤ ወዳጆቼ ውጣ ብለውኝ ነበር። ተከራካሪ በር ከፍቶ በመሄድ ያሸንፋል እንዴ? ተሸነፍኩ፤ ግን በደንብ ተቆጥሬ ነው የተሸነፍኩት። በይ ደህና ሁኚ።"

ሽማግሌው ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጡ እስኪወርዱ አየቻቸው። እንደዚያን ጊዜ አፍራ አታውቅም።

ጠባቂው ጋ ያስቀመጠችውን ስልኳን ተቀበለች። ያልተነሡ ጥሪዎች አሥራ አንድ። እጇ ላይ እያለ አሥራ ሁለተኛው ጮኸ።

"እታለም!" እህቷ ናት፤ እያለቀሰች ትስቃለች። "አየሁት! በቴሌቪዥን አየሁት! እሷም እዚሁ ናት፣ መቀሷን እንኳን አላስቀመጠችም፣ መርፌና ክር ይዛ መጥታ 'በይ ነይ ልቅደድሽ' ትለኛለች። እታለም፣ ትሰሚኛለሽ? ለሐኪሙ ደወልኩለት፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀን እይዝላችኋለሁ አለ!"

"እሰማሻለሁ፣ የኔ እናት።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይጥራ! እስኪጠራ ድረስ ይቺ ልጅ በሕይወት ትቆየኝ፤ ያኔ የመጣው ይምጣ። ቆጣሪዋ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ዘረጋችው። እስክሪብቶው አልጽፍ አለ፤ አራገፈችውና ፈረመች። ስሟ እንደ ሁልጊዜው ቀጥ ብሎ መውጣቱ አስገረማት።

"ከተቃወሙት ሽማግሌ ጋር እንኳን አልጣላም" አለች እህቷ። "ሰውየው የመሰላቸውን ተናገሩ። እኔን ያናደደኝ ያ ድምፁን ያቀበው ነው። ወይ ይደግፍ፣ ወይ ይቃወም! የሰው ነፍስ ተይዞ ዝም ይባላል? አንቺ ሁሉንም ታውቂያቸው የለ? ማነው እሱ?"

ሚዛን ከኮሪደሩ ጫፍ ሰዓቱን እያሳያት ነው።

"እኔ ነኝ" አለች።

እህቷ ከት ብላ ሳቀች። ለልብስ ሰፊዋም ስትነግራት ይሰማል፣ "እኔ ነኝ አለችኝ እኮ! እታለም ቀልድ ጀመረች!" ሁለቱም ተያይዘው ሳቁ፤ እህቷ እንዲህ ስትስቅ ከተሰማች ዓመት አልፏታል። ቆጣሪዋ ሳቁ እስኪያልቅ ስልኩን ሳትዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ወረቀቱን ይዛ ሄዳ ለአለቃዋ ሰጠችው።