ለስድስት ሰው የተያዘ ገበታ

እኔ ሲርበኝ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ "እሱን በባዶ ሆዱ ከማነጋገር የጋለ ብረት በእጅ መያዝ ይሻላል" ትላለች። የብረት በርና መስኮት ሠሪ ስለሆንኩ ምሳሌዋን ሁሉ ከሙያዬ ነው የምታመጣው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሻይ ብቻ እያጠጣች ያስቀመጠችውን ሴት አስቡልኝ። ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛት ጎንበስ ብዬ ነው ሰላም የምላት፤ ያን ቀን ግን ምግብ ቤቷን በላይዋ ላይ ባፈርሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባዬ ከዚያ ቀን ማግስት ሆስፒታል ሊተኛ፣ ከዚያም ልቡን ቀዶ ጥገና ሊደረግለት ቀጠሮ ተይዞለታል። ቀጠሮው የተያዘ ዕለት ሐኪሙ "ከመቶ ሰው ዘጠናው በሰላም ይወጣል" ሲለው፣ አባዬ ፈገግ ብሎ "የአሥሩን ስም ዝርዝር አልያዝክም?" አለው። ሐኪሙ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ከመተኛቱ በፊት ልጆቹን ሁሉ በአንድ ገበታ ዙሪያ ማየት ይፈልጋል። ቦታውንም ራሱ መረጠ። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስተኛ ሆኖ ሲሠራ ደብዳቤ ያደርስበት የነበረ አንድ የእስያ ምግብ ቤት አለ። "ሽታው ስንት ዓመት ጠራኝ መሰለህ። አንድ ቀን እንኳን ገብቼ አልቀመስኩም" አለ።

"ልጆቹን ሁሉ" የሚለው ላይ ነው ችግሩ። ሦስት ነን። እኔ ታላቁ፣ ነርሷ እህቴ፣ የመጨረሻው ደግሞ ማሙሽ። ማሙሽ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፣ ግን ማሙሽ ነው። እሱና እኔ ሆድና ጀርባ ከሆንን ሦስት ዓመት አልፎናል። ድሮ እኔ ዘንድ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ወደ ውጭ ይከፈታል ያልኩትን የግቢ በር ወደ ውስጥ እንዲከፈት አድርጎ በየደው። እኔም በሠራተኞቹ ሁሉ ፊት "ብየዳ የሚያስፈልገው በሩ ሳይሆን ያንተ ጭንቅላት ነው" አልኩት። ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱ የብየዳ መነጽሩን አወለቀ፣ ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሁለት መንገድ አልፎ የራሱን የብየዳ ቤት ከፈተ።

በሳምንቱ በሩን ልንተክል ስንሄድ ባለ ግቢው "ጎሽ፣ እንዳልኩት ወደ ውስጥ አደረጋችሁልኝ" አለኝ። ለካ ለማሙሽ ነግሮት ኖሯል። ያኔውኑ ሄጄ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፣ ከዚያ ዓመት አለፈ፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ሰው ምን ብሎ ነው ደጃፍ የሚያንኳኳው?

አባዬ "ማሙሽን አንተ ጥራው፣ ታላቁ አንተ ነህ" አለኝ። እሺ አልኩ። በማግስቱ "ነገርከው?" ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ነግሬዋለሁ፣ ይመጣል" አልኩት። አጠገቤ ቆሞ እየሰማኝ ስለነበርም ወደ ምግብ ቤቱ ደውዬ ለስድስት ሰው ቦታ አስያዝኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በዕለቱ "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" እላለሁ፣ አባዬ ትንሽ ይከፋዋል፣ ምግቡ ሲመጣ ይረሳዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። አባዬ፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቴና ባሏ መምህሩ። የተያዘልን ገበታ ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ በጣት ገፋ ሲያደርጉት የሚዞር ትልቅ መስታወት አለው። አባዬ ገና ሳይቀመጥ አንዴ አዞረው፣ ደስ ሲለው ደግሞ ደገመው። የቤቱ ባለቤት አጠር ያለች፣ ጠና ያለች ሴት ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። በወጣትነቷ ከሩቅ አገር መጥታ እዚሁ ነው ያረጀችው። የአባዬን እጅ በሁለት እጇ ይዛ "ጋሽ ፖስታ፣ ዛሬ ባዶ እጅዎን መጡ?" አለችው። ሳቁ። አባዬም ነገ ሆስፒታል እንደሚገባ ነገራት። እኔም በሆዴ፣ ዛሬስ እንደ ንጉሥ ነው የምንስተናገደው አልኩ።

አዘዝን። ለአባዬ ጨው የሌለው፣ በዝንጅብል በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ። ለእኛ ሾርባ፣ ዳክዬ፣ የተጠበሰ ኑድልና ሩዝ። መምህሩ ስሞቹን ማንበብ ስላቃተው በቁጥር አዘዘ፤ "አሥራ አራት፣ ሃያ ሁለት፣ ሠላሳ" ሲል ተማሪ የሚጠራ ነው የሚመስለው። አስተናጋጇ ሁሉንም ጻፈች፣ ስድስተኛውን ባዶ ወንበር አየች፣ ሻይ አመጣች።

ሻዩን ጠጣን። ሌላ ሻይ መጣ። እሱንም ጠጣን። ከእኛ በኋላ የገቡ ሁለት ሰዎች በልተው አፋቸውን ጠርገው ወጡ። ቦታቸው ላይ ሌሎች ተቀመጡ፣ እነሱም ምግብ ቀረበላቸው። አስተናጋጇን ስጠራት "አሁን" ትልና ሻይ ትሞላለች። ሁለተኛ ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። እህቴ ሁለቴ መጸዳጃ ቤት ደርሳ ተመለሰች፤ ከሻዩ ብዛት ነው። መምህሩ ከጎረቤት ገበታ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል "ትዕግስት መራራ ናት፣ ፍሬዋ ግን ጣፋጭ ነው" አለ።

"ፍሬዋ ይቅርና ሩዟን ባየናት" አለች ባለቤቴ።

አባዬ ብቻ ነው ያልተነጫነጨው። መስታወቱን ቀስ እያደረገ ያዞራል፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል፣ ማሙሽ እንዳልሆነ ሲያይ ወደ መስታወቱ ይመለሳል። ይሄ አንጀቴን በላው። ሰው ጥፋተኛነት ሲሰማው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ ሌላ ጥፋተኛ ይፈልጋል። ተነስቼ ሴትዮዋ ወደ ቆመችበት ባንኮኒ ሄድኩ።

"እመቤት፣ እነዚያ ዘግይተው መጥተው በልተው ሄዱ። አባቴ በሽተኛ ነው። ይሄ ምን ዓይነት መስተንግዶ ነው?"

መዝገቧን ወደ እኔ አዞረችልኝ። በእርሳስ "ስድስት" ተብሎ ተጽፏል።

"አምስት ናችሁ" አለች።

"አምስት ብንሆንስ? አምስታችንም እንበላለን።"

"ክብ ገበታ እኔ ቤት ሰው ሳይሞላ አይቀርብም። አባቴም እንደዚህ ነበር፣ የእሱም አባት። ለስድስት የተባለውን ለአምስት ካቀረብኩ አንዱን እንደ ሞተ ቆጠርኩት ማለት ነው። ነገ ሐኪም ቤት ለሚገባ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ገበታ አልዘረጋም።"

ደሜ ፈልቶ ነበር፣ በዚህ ግን በረደ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ስድስተኛው አይመጣም። ወንበሩን አንሱት" አልኳት።

"አልመጣም አለህ?"

መዝገቡን መልሼ ወደ እሷ አዞርኩት።

"እሺ፣ አነሳዋለሁ" አለች። "ግን የማነሳው አባትህ እያዩ ነው። ለምን እንደማነሳውም አንተ ትነግራቸዋለህ።"

ወደ ገበታችን ዞር ብዬ አየሁ። አባዬ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሩን ያያል። ሴትዮዋ ወደ ስልኬ እንኳን አልጠቆመችም። ወጣሁ።

ውጭ ደጁ ላይ አንድ ሰው ከጋሪ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ያወርዳል። እሱ እስኪጨርስ ጠበቅኩ፣ ምንም ሊያስጠብቀኝ የሚገባ ነገር አልነበረም፣ ፈርቼ ነው። ከዚያ ደወልኩ። ወዲያው አነሳው። ከበስተኋላው ብረት ሲቆረጥ ይሰማኛል።

"አባዬ ምን ሆነ?" አለ። ሰላምታ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልደወለ ሰው ሲደውል ሌላ ምን ይባላል?

"ምንም አልሆነም። ርቦታል።"

"ታዲያ አብሉት እንጂ፣ እኔ ጋ ምን አስደወላችሁ?"

"እምቢ አሉን። አንተ ካልመጣህ ምግቡ አይወጣም።" ምን ያህል የእብድ ወሬ እንደሚመስል ሲገባኝ ቶሎ ቶሎ አወራሁ። "ምሳ ጋብዘነው ነው። ሁላችንም እንድንኖር ፈልጎ ነበር። አንተን እንድጠራህ ለእኔ ነገረኝ፣ አልጠራሁህም። ጠርቼዋለሁ ብዬ ዋሸሁት።"

የብረት መቁረጫው ድምፅ ቆመ።

"የበሩንም ነገር አውቃለሁ" አልኩት። "ባለ ግቢው በሳምንቱ ነግሮኛል። አንተ ትክክል ነበርክ። ያዋረድኩህ በሰው ፊት፣ ያወቅኩት ደግሞ ለብቻዬ ሆነ፣ እሱንም ዋጥኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው ማሙሽ።"

"በሳምንቱ" አለ።

"አዎ፣ በሳምንቱ።"

የምግብ ቤቱን ስም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ስልኩን ዘጋው። እመጣለሁ አላለም፣ አልመጣምም አላለም።

ተመልሼ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሁሉም አየኝ። "ምን አለህ?" አለ አባዬ፣ ለማን እንደደወልኩ ሳልነግረው።

"እንጃ፣ ዘጋብኝ።" ከዚያ ከዚህ በላይ መሸከም አቃተኝ። "አባዬ፣ ያን ቀን ዋሽቼሃለሁ። አልነገርኩትም ነበር። የነገርኩት ገና አሁን ነው።"

እህቴ "ወንድምዓለም፣ በዚህ ቀን?" አለችኝ። ባለቤቴ ቀና ብላ አላየችኝም፤ እሷ ቀና ብላ ካላየችኝ ነገሩ ከብዷል።

"አውቃለሁ" አለ አባዬ። "ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ሆስፒታል ለብቻው እንደሚመጣ ሲነግረኝ ስለ ምሳው ምንም አላነሳም። ያኔ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን አንተ አልጠራኸውም?"

"እኔ ብጠራው ለእኔ ብሎ ይመጣ ነበር" አለ። "መጥቶም ከእኔ ጋር ይበላል፣ ከእኔ ጋር ያወራል፣ ይሄዳል። እኔ ከሆስፒታል ባልወጣስ? ማን አንዳችሁን ለአንዳችሁ ሊጠራ ነው?" ሻዩን ፉት አለ። "የሰው መልእክት ሳደርስ ነው ያረጀሁት ልጄ። ይሄኛውን ግን አንተ ራስህ አድርስ ብዬ ተውኩት።"

አስተናጋጇ መጥታ ሻይ ሞላችልን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኳት።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም ስለ ረሃብ አላወራም። በሩ ሁለት ጊዜ ተከፈተ፣ ሁለቱም ጊዜ ሌላ ሰው ነው። በሦስተኛው ማሙሽ ጎንበስ ብሎ ገባ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም፣ ደረቱ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የበላው ቀዳዳ አለ፣ ፊቱን ብቻ ታጥቧል። አባዬን ጉንጭና ጉንጩን ሳመው፣ እህቴን ሳማት፣ ባለቤቴን ሳማት፣ የመምህሩን ትከሻ ነካ አደረገ። ባዶው ወንበር ያለው ከእኔ ጎን ነው። ጎትቶ ተቀመጠ። አላየኝም።

ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ሴትዮዋ በባንኮኒው መስኮት በኩል ወደ ማድቤት አንድ ቃል ተናገረች። ወዲያው የመጥበሻ ድምፅ ተሰማ። ይቅርታ አልጠየቀችንም፤ መጥታ ዓሣውን በገዛ እጇ አባዬ ፊት አስቀመጠች። ከኋላዋ ሾርባው፣ ዳክዬው፣ ኑድሉ፣ ሩዙ ተከታትሎ መጣ። መምህሩ ቁጥር አሥራ አራት የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ ጀመረ።

ማሙሽ እንደ ልጅነቱ ነው የሚበላው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንም እንዳይቀማው። አባዬ ዓሣውን ቀምሶ ዓይኑን ጨፈነና "ስንት ዓመት አመለጠኝ" አለ። እኔ ግን ሁለት ጉርሻ እንኳን አልወርድ አለኝ። ያ ሁሉ ረሃብ የት እንደገባ አላውቅም።

"ነገ በማን መኪና ነው የምትሄደው?" አለ ማሙሽ አባዬን።

"በወንድምህ።"

ማሙሽ በአፉ ያለውን እስኪውጥ ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኖቹ ከብየዳው ይሁን ከሌላ ቀልተዋል።

"እንግዲያው እሱን ከመውሰድህ በፊት እኔ ጋ ትመጣለህ፣ ጋሼ" አለኝ። "ደግፎ ወደ ኋላ ወንበር የሚያስገባው ሌላ ሰው ከሌለ ብቻህን አትችለውም።"

"ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ደጅህ ነኝ" አልኩት።