ሽማግሌ የላከ ሰው ወፍ ሲያይ

ጥቁር ነው ወይስ ቢጫ፣ የወፏ እግር ጭቃ ለብሷል፣ ጭቃ የለበሰ ቢጫ እግር ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፣ ስለዚህ ወደ ውሃው እስክትገባ መጠበቅ ነው፣ ቢጫ ከሆነ አንድ ዓይነት ሳንድፓይፐር ናት፣ ትንሽ የውሃ ዳር ወፍ፣ ጥቁር ከሆነ ሌላ፣ በቀረው መንትያ ናቸው። አልቸኩልም። ባይኖኩላሩን፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን፣ እያወረድኩ ግን በየደቂቃው ሰዓቴን አያለሁ፣ ለወፏ ብዬ አይደለም፣ አሁን ሽማግሌዎቼ ገብተዋል፣ ሦስቱም፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር፣ ሊፍቱ ካልተበላሸ አሥራ አንደኛ ፎቅ ደርሰዋል፣ የፍቅረኛዬ የሜሮን አባት አቶ ዓብይ በሩን ከፍተው ግቡ ብለዋል፣ ጋሽ ካሳዬ ደግሞ የመጣንበት ጉዳይ አለ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ቆመዋል። ይቁሙ። ብቻ ይቁሙ።

አባት እዚህ የለኝ፣ አጎት የለኝ፣ ሽማግሌ ተውሼ ላክሁ፣ ሰው ክራቫት እንደሚዋስ፣ ጋሽ ካሳዬ ባለታክሲው፣ ጋሽ ተሻገር፣ ሦስተኛው ከቤተ ክርስቲያን የተገኙ፣ ስማቸውን እንኳ አጣርቼ የማላውቅ፣ እኔ፣ የአንዲት ወፍ እግር ሳላጣራ የማልተነፍሰው። ጠያቂው ራሱ አይገኝም፣ ወጉ ነው፣ ለእንደኔ ዓይነቱ የተሠራ ወግ፣ አንተ የትም ሁን፣ ሰው ይለምንልሃል።

የትም ማለት እዚህ ነው። ሌስሊ ስፒት፣ ሐይቁ ውስጥ የገባው የወፍ ፓርክ፣ በሩ ለሰው የሚከፈተው ቅዳሜና እሑድ ነው፣ ከተማዋ ያፈረሰችውን ቤት ሁሉ እያመጣች ሐይቁ ውስጥ ደፋችው፣ ጡብ፣ የሽንት ቤት ሴራሚክ፣ የዛገ ፌሮ፣ ወፎቹ መጥተው ሰፈሩበት፣ ማንንም ሳያስጠይቁ። ኮርሞራንቶቹ፣ ጥቁሮቹ ዓሣ በል ወፎች፣ የሰፈሩበትን ዛፍ በኩሳቸው አንጥተው ገደሉት፣ የሞተው ዛፍ ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጮሃሉ፣ ትዳር ይሄ ነው። ኧረ አይደለም። ምን እያልኩ ነው።

ሜሮን ወፍ እያየሁ እንደምውል መጀመሪያ ስትሰማ ሳቀች፣ ወፍ? ሲሪየስሊ? ቆይታ ግን መሳቁን ተወች፣ አንተ ካላረጋገጥክ አትናገርም፣ አንተ እስክታረጋግጥ የኔ ዕድሜ ያልቃል፣ ወይ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ ወይ ተወኝ፣ ምረጥ፣ ፒክ ዋን ይዲድያ። ላክሁ። ልኬያለሁ እኮ።

አንተ ወፈፌ! ይመር ነው፣ አብሮኝ የሚኖረው፣ ከእነ ሜሮን ፎቅ ታች ሆኖ የጋሽ ካሳዬን ታክሲ ሊጠብቅ ነበር የሄደው፣ መኪና እዚህ ስለማይገባ ጋሽ ካሳዬ በሩ ላይ አውርደውት ከዚያ በእግሩ መጥቷል፣ ላብ በላብ ሆኖ ፊቴ ይቆምና ዓይኑን ዓይኔ ላይ ይተክላል፣ እምቢ አሉ፣ ይላል፣ ሰውዬው እምቢ አሉ።

ባይኖኩላሩን አነሳለሁ። ውሃ ውስጥ ገብታለች፣ እግሯ ታጥቧል።

ቢጫ ነው፣ እላለሁ።

ምኑ?

ምንም።

ሰዓቴን ማየት ትቻለሁ፣ መቼ እንደተውኩ አላወቅሁም፣ ቃል በቃል ምን አሉ? እላለሁ፣ ምን ይላሉ፣ ይላል ይመር፣ ልጅቷ ትምህርቷን አልጨረሰችም፣ እስቲ እናስብበት አሉ፣ ይሄማ እምቢታ አይደለም ይመር፣ ይሄ የወጉ የመጀመሪያ እምቢታ ነው፣ አንዴ ሲጠየቅ ልጁን የሚሰጥ የት አባት አለ፣ ቤት ጠቦናል ውሰዱልን እንደማለት ነው፣ ሽማግሌ ይለምናል፣ ይመላለሳል፣ ከዚያስ ምን አሉ? ከዚያማ ጋሽ ካሳዬ እሺ፣ ኖ ፕሮብሌም ብለው ወጡ።

ኖ ፕሮብሌም።

መኪና ውስጥ ጠየቅኋቸው፣ ይላል ይመር፣ ልጄ፣ ይሄ ካናዳ ነው፣ ሰውዬው ኖ ካለ ኖ ነው፣ ድርቅ ብንል ፖሊስ ይጠራብናል አሉኝ። ጋሽ ተሻገርስ? እሳቸውማ ራባቸው፣ የወጡ ሽታ እኮ ኮሪደሩ ድረስ ነው፣ እናትየው፣ እትዬ እንቁ፣ አምስት ዓይነት ሠርተዋል፣ ሜሮን በደረጃ ሮጣ ወርዳ ነገረችኝ፣ አባቷ እንደ ቆሙ ቀርተዋል፣ ልጄን እንደ ዕቃ ጠየቁኝና ተወደደብን ብለው ጥለው ሄዱ፣ እያሉ። ዛሬውኑ ከተመለሱ አባቴ እሺ ይላል፣ ካደረ ግን ስድብ ነው፣ ብላሃለች።

ጅሎች፣ ሦስት ሽበታም ጅሎች፣ የለማኝ ልጅ እንኳ ከዚህ በላይ ይቆማል፣ አሁኑኑ እንመልሳቸዋለን፣ እየሄድኩ ነው፣ ጡቡ ላይ እየተደናቀፍኩ፣ እየጮህኩ፣ ንዴቱ እውነተኛ ነው፣ እውነተኛ ይመስለኛል፣ ይመር ግን፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰውዬ፣ ጀርባዬን እያየ ይከተለኛል።

ደስ አለህ እንዴ? ይላል ከኋላዬ።

መቼ?

ቅድም፣ እምቢ አሉ ስልህ።

ደነገጥኩ እንጂ።

ሰው ሲደነግጥ ትከሻው አይወርድም ይዲ።

ዞር እላለሁ። ደግሞ ምን አገባህ ትከሻዬን? እኔማ ምን አገባኝ፣ ይላል፣ ሜሮን ናት፣ ሁሉንም ነገር ወዲያው እንዳትነግረው፣ መጀመሪያ እምቢ አሉ በለውና ፊቱን እይልኝ፣ ከዚያ ኮል አድርግልኝ ነው ያለችው።

ፊቱን እይልኝ። ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ አስተማርኳት፣ ወፍ የምትታወቀው ሰው እያያት መሆኑን ሳታውቅ ነው፣ ካወቀችማ ትለወጣለች።

በሩ ጋ የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሳንቲም ስልክ አለ። ሽማግሌዎቹን ይመልሳል በላት፣ እለዋለሁ፣ ዛሬውኑ፣ እሺ እላታለሁ፣ የጠየቀችኝን ከነገርኳት በኋላ፣ ይላል፣ ይመር መዋሸት አይችልም፣ ሁሌ የምወድለት ነገር ነው፣ ሳንቲሙን ይከታል፣ በመስታወቱ ያየኛል፣ ፊቴን ላስተካክል እሞክራለሁ፣ ያዘነ ሰው ፊት ምን ዓይነት ነው፣ ከንፈሩ የት ይሆናል፣ ሄሎ ሜሮን፣ ይላል፣ ከዚያ ጀርባውን ይሰጠኛል፣ ትከሻው ወረደ ሲላት እሰማለሁ።