ለድባቴ ነው የተባለው ኪኒን

...ውጬዋለሁ ትላለች እማዋይሽ፣ ሌላ ምን ትበል፣ ዶክተር ኢቢሳ ቀና ብሎ ሲያያት ውሸቱ ከአፏ አምልጦ ይወጣል፣ ሁለቱንም ኪኒን፣ አዎ ዶክተር፣ በየማታው። እሱም ይጽፋል። ምን ይሆን የሚጽፈው።

አልማዝ ባለጭራ የሚሉት በሽታ ከዳነላት አምስት ወሩ፣ ቁስሉ ጠፍቶ ሕመሙ ጎኗ ላይ ቀረ፣ እንደ ሳማ ይለበልባል፣ ቀሚስ ሲነካት እንኳ እሳት፣ ነርቩ ተጎድቷል አላት ዶክተሩ። የመጀመሪያው መድኃኒት ትንሽ አስታግሷት ነበር፣ መጠኑ ሲጨመር ግን ምድር ዞረባት፣ ነቀምቴ ገበያ መሃል ቲማቲም የተዘረጋበት ሸራ ላይ ወደቀች፣ የማን እናት ናት ተባባሉ፣ የማንም። ዶክተሩ እሱን ቀነሰና ሌላ ትንሽዬ ኪኒን ጨመረላት። የፋርማሲዋ ልጅ ታዲያ፣ ይሄማ ለድባቴ የሚሰጥ ነው አለቻት፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ።

ለድባቴ። ለካ ዶክተሩ ስለመጣችበት ስለ ኪራሙ የጠየቃት፣ ባሏን ገብረክርስቶስን እዚያ ቀብራ መምጣቷን ያወጣጣት ለዚህ ኖሯል። ሐዘን ነው የሚያማት ብሎ። ወይ ጉድ፣ እሳቱ ጎኔ ላይ፣ መድኃኒቱ ለጭንቅላቴ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ኪኒኑ ከነካርቶኑ ሻንጣ ውስጥ።

ሁለቱ አብረው ካልሠሩልዎት መጠኑን ከፍ እናደርጋለን፣ ሃዻ ኮ፣ ይላል ዶክተሩ። እናቴ ማለቱ ነው፣ እናቴ ያላት ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው። ከፍ እናደርጋለን። ምድር ደግማ ስትዞር ይታያታል፣ ሸራው፣ የሰው እግር።

ቆይ፣ ትላለች፣ ትንሹን አልዋጥኩትም። አብዳለች ያልክ መስሎኝ ነው።

ብዕሩን ያስቀምጣል፣ አይቆጣም፣ አለመቆጣቱ ነው የሚያሳፍራት። ለድባቴም ይሰጣል፣ እውነት ነው፣ ለእርስዎ ያዘዝኩት ግን ለነርቭዎ ነው፣ አንዱን አብዝቼ ከማዞርዎት ሁለቱን በትንሽ በትንሹ፣ እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ሕመሙን ይይዘዋል። አፍ ያደርቃል፣ በራስዎ እንዳይጨምሩ። ስለ ባለቤትዎ የጠየቅኩት፣ ይላል፣ እርስዎን ማወቅ ፈልጌ ነው።

ማወቅ ፈልጌ። እስከ ቤቷ ይህን ታመላልሳለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ትውጣለች፣ ብቻዋን፣ ውሃ የሚያቀብል የለ፣ አፏ ይደርቃል፣ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። ሕመሙ አልጠፋም፣ አለ፣ ግን ርቆ እንደሚጮህ ሰው ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ቀሚሷን ሳትሳቀቅ ታጠልቃለች፣ ተኝታ አድራለች እኮ፣ ለማን ይወራል ይሄ።

ግቢው ውስጥ አከራይዋ አያንቱ ልብስ ታጥባለች። አካም ቡልተን፣ ትላለች እንደ ወትሮው፣ እንዴት አደሩ። ሌላ ቀን ቢሆን እግዜር ይመስገን ብላ ማለፍ ነው። ዛሬ ትቆማለች። ናጋ፣ ትላለች፣ ደህና፣ ዛሬስ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ሕመሙ ቀለል አለኝ።

አያንቱ መጭመቋን ታቆማለች። ታመው ነበር እንዴ፣ ትላለች።

ስድስት ወር ሊሞላ ነው፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው። አዎ፣ ትላለች እማዋይሽ፣ ታምሜ ነበር፣ አጠገቧም ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች።