ሮዙ እስኪመጣ

ውድነህ ጋራዡ ደጃፍ ተንበርክኮ የሰው ግድግዳ እያጠበ የሚያድርበትን የፕሬሸር ዋሸር፣ የውሃ መርጫ ማሽኑን፣ የማስነሻ ገመድ ይስባል። ሞተሩን አላስነሳውም። ገመዱ በተሳበ ቁጥር ፓምፑ ከነጩ ጋሎን አንቲፍሪዙን፣ በብርድ የማይረጋውን ሮዝ ፈሳሽ፣ ይመጥጥና በውሃ ጎማው ጫፍ ሮዝ ሆኖ ብቅ ማለት አለበት። ሮዝ ከታየ ፓምፑ ከብርድ ተረፈ ማለት ነው፤ ያለዚያ ውስጡ የቀረው ውሃ በረዶ ሆኖ ይሰነጥቀዋል፣ እንጀራውም አብሮ ይሰነጠቃል! ማታ በረዶ ይጥላል ተብሏል። የስደት ከተማው የኦሮራ ሰማይ ጣሪያ ሊነካ ዝቅ ብሏል፤ መንገዱ ጭጭ ከማለቱ የተነሳ የሚያልፈው አውቶብስ እንኳ በሕልም የሚያልፍ ይመስላል።

ሳበ። ጥርት ያለ ውሃ። ደግሞ ሳበ፤ አሁንም ጥርት ያለ ውሃ። ምን ጉድ ነው?

«ውድነህ፣ ጋሎኔን አየኸው?» አሉ የሚስቱ እናት ወይዘሮ አያልነሽ፣ ከኋላው ብቅ ብለው። «እግር እንዳይረግጠው ብዬ ከላይኛው መደርደሪያ ነበር ያስቀመጥኩት።»

ጋሎኑን አሸተተ። ክው አለ። ከአገራቸው ያመጡት፣ በየማለዳው ጉልበታቸውን የሚያሹበት ጠበል ነው፤ የቀራቸውም ያው ጥቂት ነበር።

«እማማ፣ አፈር ልብላ! አንቲፍሪዝ መስሎኝ ጠበልዎን ለፓምፑ አጠጣሁት።»

አሮጊቷ ጋሎኑን አንስተው ነቀነቁት፤ ባዶ ነው። «እሱ እኮ ነው ያቆመኝ፤ እንግዲህ በምን ልነሳ?» ውድነህ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሳቸው ግን ጠየቁ፤ «ሁሉም ፈሰሰ?»

«ጥቂት ነው የፈሰሰው። ሌላው እዚሁ ፓምፑና ጎማው ውስጥ አለ።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሳበው!»

እውነተኛውን አንቲፍሪዝ አምጥቶ ፓምፑ ላይ ገጠመ፤ አሁን እሱ ሲገባ ጠበሉን እየገፋ ያወጣዋል። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበት ሰበሰቡና የጎማውን ጫፍ ያዙ። ውድነህ ቀስ እያለ ሳበ። ጠበሉ ኮለል አለ፤ እሳቸው በለሆሳስ ይጸልያሉ። የመጀመሪያዋ በረዶ ነጠላቸው ላይ አረፈች፣ ሌላዋም ተከተለች፤ ዓለም ሁሉ እንቅልፍ እንቅልፍ አለው።

«ጎንበስ በል አንተም።»

«እኔ ደግሞ ምን ሆንኩና?»

«ከመጋቢት ጀምሮ የሰው ግድግዳ ስታጥብ ከረምክ። አንተን ማን አጠበህ?»

አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ሳበ። ውሃው ከማጅራቱ ወደ ጀርባው ወረደ፤ ብርዱ አንዘፈዘፈው፤ እሳቸውም በሌላ እጃቸው ራሱን ዳበሱት። ስንት ዓመቱ ነው እንዲህ የሰው እጅ ራሱ ላይ ካረፈ? ደግሞ ሳበ። እንባው ከውሃው ጋር ተደባልቆ ስለወረደ አላፈረም።

«ይሄ ሮዙ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ፣ ጎማውን ከራሱ ላይ ፈጥነው እያነሱ።

«አለቀ ማለት ነው፣ እማማ» አለ። ቀና ግን አላለም።