ለቅስቶቹ የተሳለ ጃንጥላ

እናቴ እታገኘሁ በስደት አንዲት የጣሊያን ከተማ ሳለች፣ አንድ ቀን ንጋት ላይ ከጉም ውስጥ ረጃጅም የድንጋይ ቅስቶች ታዩዋት። ቤተ ክርስቲያን መሰላት። ቀርባ ድንጋዩን ሳመችና «ልጅ ስጠኝ፤ ጥልፍ ጃንጥላ አገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች። የጥንት ሮማውያን ወደ ከተማዋ ውሃ ያመጡበት የነበረ ግንብ ፍርስራሽ መሆኑን የሰማችው ዘግይታ ነው። በዓመቱ እዚህ ሎስ አንጀለስ ታላቅ እህቴ ሶሊያና ተወለደች።

እናቴ ለስለቷ ያሠራችው ጃንጥላ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለው የልብስ ሱቃችን ከነጠላዎቹ በላይ ተሰቅሎ ኖረ። ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የወርቃማ ዘርፉ ብርሃን ግድግዳው ላይ እንደ ውሃ ይሄዳል። የንስሐ አባቷ ለፈለገችው ደብር እንድትሰጠው ቢፈቅዱላትም እሺ አላለችም።

«የውሃ ቧንቧ ጃንጥላ ምን ያደርግለታል?» ይላል ታክሲ የሚነዳው አባቴ አድማሱ።

«ዝም በል አንተ። ልጅቷ በማን ሆነና የመጣችው?»

«እኔም ትንሽ አግዣለሁ።»

ለእኔ ሁለቱም እውነት ያላቸው ይመስለኝ ነበር።

አምና ሐኪሞች ለእናቴ የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጧት። ስለቴን ሳላደርስ አልቀደድም አለች። አውሮፕላን መሳፈር ስለተከለከለች ሶሊያና ጃንጥላውን ይዛ ወደዚያች ከተማ ሄደች።

ደርሳ በስልክ አሳየችን። የቀን ፀሐይ፣ የቆሙ መኪኖች፣ በቅስቶቹ መሃል የተሰጣ ልብስ።

«እሱ አይደለም» አለች እናቴ።

«እማ፣ ሌላ የለም እኮ። ሁሉንም ቼክ አድርጌያለሁ።»

«የእኔው እኮ ቤተ ክርስቲያን ይመስል ነበር።»

ሶሊያና ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች። «ኦኬ። ሲነጋ እመለሳለሁ።»

እዚያ ሲነጋ እዚህ ሱቅ የምንዘጋበት ሰዓት ነበር። ስልኩን መስተዋቱ ላይ አስደግፌ ሦስታችንም ፊቱ ቆምን። መጀመሪያ ጉም ብቻ ነበር። ቀስ በቀስ አንድ ቅስት ወጣ፣ ቀጥሎ ሌላ፤ እግር የሌላቸው ይመስል አየር ላይ ተንሳፍፈዋል። እናቴ ጫማዋን አወለቀች። አባቴም ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ፈታ።

ሶሊያና ጃንጥላውን ዘርግታ ከአንዱ ቅስት ሥር አቆመችው።

«እማ፣ አሁን ልሂድ?»

«ጀርባሽን እንዳትሰጪው።»

ስልኩን ወደ ቅስቶቹ እንዳዞረች ወደ ኋላ ወደ ኋላ ተራመደች። ጃንጥላው አነሰ፣ ቀይ አበባ አከለ፣ ከዚያም ጉሙ ወሰደው። ከሩቅ ውሻ ጮኸ።

«ማን ያነሳው ይሆን?» አለ አባቴ በዝግታ።

«እሱ ይወቅ» አለች እናቴ። በባዶ እግሯ እንደቆመች ለረጅም ጊዜ በጉም የነጣውን ስልክ አየች። «በሉ፣ አሁን ይቅደዱኝ።»