ሐሰተኛው አረንጓዴ

ሆስፒታሎች ለሕፃናት የሚሰጡትን የመድኃኒት መጠን የሚያሰላው ፕሮግራም ለዓመታት የተፈተሸው በአንድ ሰው እጅ ነው። ሰውየው የአንዲት ወጣት ፕሮግራመር አጎት ሲሆን፣ ስህተት ስለማያመልጠው ባልደረቦቹ «ምላጭ» ይሉታል። ፕሮግራሙን በሚሠራው መሥሪያ ቤት ያስቀጠራትም እሱ ነው። አለቃው ታዲያ አጎቷን ከሥራ የሚያፈናቅለውን ተግባር ለእሷው ሰጣት፦ አውቶማቲክ ፍተሻዎችን ፕሮግራሙን ከሚገጣጥመው ሂደት፣ ከቢልዱ ጋር እንድታዋህድ፤ የፕሮግራሙ ክፍሎች በተገጣጠሙ ቁጥር ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈትሻቸው፣ ስህተት ከተገኘም ሥራው ቀጥ እንዲል። ይህ ከተሳካ ምላጭ ይሰናበታል።

ተሳካ። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለበሰ፤ ፍተሻው ሁሉ አልፏል ማለት ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አላት አጎቷ ኩባያውን በጋዜጣ እየጠቀለለ። «አጎቷን በኮምፒውተር ያስባረረች የእህት ልጅ ካንቺ በፊት መኖሯን እንጃ!»

«ጋሼ፣ ተው በናትህ።»

«ምነው፣ ለቅሶ አስመሰልሽውሳ!»

ዓይኑን ሽሽት ወደ ስክሪኗ ዞረች። እንከን አልባነቱ አጠራጠራት፤ ሥራዋን ከላይ እስከ ታች በረበረችው። ስትጀምር ለሙከራ ያህል «ፍተሻ ቢወድቅም ቀጥል» የሚል ትእዛዝ አስገብታ፣ ሳታነሣው ረስታ ኖሯል። ፍተሻዎቹ ሲወድቁ ቢልዱ እንዳላየ ያልፋቸው ነበር። ትእዛዙን ሰረዘችው። ስክሪኑ ደም መሰለ።

«ጋሼ! ዕቃህን መልስ! አልተሳካም፣ የጻፍኳቸው ፍተሻዎች ብልሹ ናቸው!»

አጎቷ እየሣቀ መጣ። «እስቲ የቱ ነው የወደቀው?»

ባለፈው ሳምንት እሱ ፈትሾ ያሳለፈውን ገጽ ከፈተችለት። አፍንጫው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ጎነበሰ።

«ታዲያ ልክ አይደል እንዴ? ዜሮ ነጥብ አምስት።»

በስክሪኑ ላይ ያለው «05» ነበር፤ ከታሰበው መጠን አሥር እጥፍ።

«ነጥብ የለውም፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

ሣቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምነው ቀላ?» አለ አለቃው ከበሩ ብቅ ብሎ።

«የኔ ጥፋት ነው፣ ፍተሻዎቹ...» ብላ ስትጀምር አጎቷ ትከሻዋን ያዘ።

«ተይ፣ ልጄ። ሕፃናት ናቸው።» ወደ አለቃው ዞረ። «እሷ ልክ ናት። የኔ ዓይን ነው።»

አለቃው ቀዩን ስክሪን፣ ከዚያም ሽማግሌውን አየ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ምላጭ መነጽሩን አወለቀ። ከመቼ ጀምሮ ነጥብ እንደሚያመልጠው እሱም አያውቀውም።