ሙስአብ ለምን ከሳ

ሙስአብ መርካቶ ባለው ሱቁ ውስጥ የብርድ ልብስ እስር ከመደርደሪያ እያወረደ ሳለ ስልኩ ጮኸ።

«ውጤትዎ ደርሷል። ዛሬ መጥተው ዶክተሩን ያነጋግሩ» አለች የክሊኒኩ ልጅ።

«ደህና ነው?»

«እሱን ዶክተሩ ነው የሚነግርዎት።»

እስሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

መሳለሚያ አካባቢ ያለውን ያንን ክሊኒክ መጀመሪያ የረገጠው ከክረምቱ በፊት፣ ማንም ሳያውቅ ነበር። በዘር ፈሳሹ ውስጥ ያለው የዘር ህዋስ ቁጥሩ አነስተኛ፣ እንቅስቃሴውም ደካማ መሆኑን ዶክተሩ ነገረው። «ውፍረቱ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ቢቀንሱ ሊሻሻል ይችላል፤ ቃል ግን አልገባልዎትም» አለው። ሙስአብ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ክትፎንና ለስላሳን እርም አለ። ከሱብሂ ሶላት በኋላ እስከ አትክልት ተራ በእግሩ ሄዶ ላቡን እያንጠባጠበ ይመለሳል። ቦርጩ ሟሸሸ፤ ጉንጩ ጎደጎደ። በቅርቡም ለሁለተኛ ጊዜ ተመርምሮ ውጤቱን እየጠበቀ ነበር።

መርካቶ ግን ነጋዴ ሲከሳ ወይ ታሟል ወይ ከስሯል ነው የሚባለው። ጎረቤቱ አዝራር ሻጩ ጋሽ ከበደ እንኳ ባዩት ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ስኳር እንዳይሆን! ተመርመር እንጂ» ይሉታል።

እሱ የሚፈራው ሌላ ነው። ሚስቱ ሰዓደት ከተጋቡ ጀምሮ «መሃን» እየተባለች አንገቷን ደፍታ ኖራለች። እናቱ ካንዱ መድኃኒት አዋቂ ወደ ሌላው እያዞሩ መራራ ሥር ያስጠጧታል። ከተመረመረ በኋላም ዝም አለ። እውነቱን ብታውቅ ጥላኝ ትሄዳለች ብሎ ፈራ።

ገና ከተቀመጠበት ሳይነሳ ሰዓደት ራሷ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆማ አያት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሱቁን ዝጋ» አለችው።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«አንተ ነህ እንጂ የሆንከው! ራት አትበላ፣ ሱሪህን ሁለቴ አስጠበብኩልህ። ሰው ሁሉ ባልሽ ምን ነካው ይለኛል። ምንድን ነው የደበቅከኝ? ካንሰር ነው? ልጅ ያጣሁት አንሶ አንተንም ልጣ?»

«ስኳር ነው» የሚል ውሸት ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። የቀላ ዓይኗን አየና ዋጠው።

«አልታመምኩም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተመርምሬ ነበር። ልጅ ያጣነው በኔ ምክንያት ነው። የከሳሁትም ዶክተሩ ውፍረት ቀንስ ስላለኝ ነው።»

ተሸካሚዎች «ዞር በል! ዞር!» እያሉ በደጃፉ አለፉ።

«እኔ ያን ሁሉ መራራ ስጠጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊቷን አዞረች። አሁን ትሄዳለች አለ በልቡ።

«ሁለተኛው ውጤት ዛሬ ደርሷል» አላት። «ብቻዬን መስማት ፈራሁ።»

እንባዋን በሻርፗ ጠረገች። «ዝጋ አልኩህ እኮ! እንሂድ።»

ዶክተሩ አብረው ሲገቡ አይቶ ወንበር ሳበላት። «ከበፊቱ ተሻሽሏል» አለ። «ገና በቂ ግን አይደለም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። መቀነሱን ይቀጥሉ።»

ሲወርዱ ሰዓደት ደረጃው ላይ ቆመች።

«እናትህ ነገ ደግሞ ሌላ አዋቂ ዘንድ ቀጠሮ ይዘውልኛል» አለች። ድምጿ ቁጣም ልመናም አልነበረበትም።

ሙስአብ ከውጤቱ ይበልጥ ይህን ፈራ። የእናቱ ጩኸት፣ የዘመድ አዝማዱ ሹክሹክታ፣ «ወንድ አይደለም» መባሉ ባንድ ጊዜ ጆሮው ላይ አስተጋቡ። ስልኩን አወጣና ደወለ፤ ሰዓደትም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«እማዬ፣ ሰዓደት ነገ የትም አትሄድም» አለ። «ታካሚው እኔ ነኝ።»